ካሜራ በያይነቱ

ባለቤቴ የካሜራ ቦርሳዬን «ጣውንቴ» ትላት ነበር። «ጣውንቴን ከሶፋው ላይ አንሳልኝ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው» ስትል የሰማ ጎረቤት ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። ግን አልተሳሳተችም። ዝናብ ሲጥል ጃኬቴን አውልቄ የማለብሳት ቦርሳዋን ነው። ምግብ ቤት ስንገባ መጀመሪያ ወንበር የምስበው ለእሷ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ልጃችንን ባለቤቴ ታቅፋለች፣ እኔ ቦርሳዋን አቅፋለሁ። አንድ ወያላ እንዲያውም «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» ብሎ ጋብቻውን አጸደቀልኝ።

አንድ ቅዳሜ ጤፍ ላስፈጭ ስሄድ ይዣት ወጥቼ ነበርና፣ ተራዬን ስጠብቅ ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ አወጣኋት። 9 ኪሎ ከ400 ግራም። ባለወፍጮው ዱቄት ከለበሰ ቅንድቡ ሥር አየኝና «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ በቆሎ?» አለኝ።

በቆሎስ በሆነ፤ ተበልቶ ያልቅ ነበር። ውስጧ ያለው አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ካሜራ፣ ብቻውን ኪሎ ተኩል የሚከብድ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ባለ 70–200 ሌንስ፣ ለሰፊ ቦታ የሚሆን ሌላ ሌንስ፣ ለሰው ፊት የሚሆን ሌላ፣ ፍላሽ፣ የባትሪ መዓት፣ አንድም ቀን ተጠቅሜባቸው የማላውቃቸው ፊልተሮች፣ ከጎኗም እንደ ከዘራ የታሰረ ትራይፖድ ነው። ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕቃውን የሰበሰብኩት ዕቁብ በወጣልኝ ቁጥር ነው፤ በአንዱ ዕቁብ ካሜራ፣ በሌላው ሌንስ። ባለቤቴ ፍሪጅ ይገዛል ብላ ስትጠብቅ ሦስት ዓመት ሙሉ ሥጋችን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ በጥገኝነት ኖረ። የምንኖረው ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም።

ለምን እሸከማት እንደነበር አሁን ይገባኛል። ትልቅ ካሜራ ሰው ያደርጋል። ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ሕዝቡ እየተገፋፋ ሳለ ያን ረጅም ሌንስ ከትከሻ በላይ ብቅ ሳደርገው፣ ገመድ የያዘው ሥርዓት አስከባሪ ወጣት «አሳልፉት፣ ጋዜጠኛ ነው!» ብሎ ይጮህልኛል። አልዋሸሁም፤ ጋዜጠኛ ነኝ አላልኩም። አይደለሁምም አላልኩም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያው ሌንስ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ፊት ለፊት ያስይዘኛል። «ወንድም፣ ለምንድነው የምታነሳው? ፈቃድ አለህ?» የማነሳው የመንገድ ዳር ጃካራንዳ ነው፤ ሐምራዊ አበባው ረግፎ አስፋልቱን ሸፍኖት። ጥበቃው ከጎኔ ቆሞ አበባዎቹን አንድ በአንድ አስጠፋኝ።

የባሰው ግን ሠርግ ነው። የአጎቴ ልጅ ስትዳር እንደ ማንኛውም ዘመድ ተጠርቼ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ቦርሳዬን አንግቤ ሄድኩ። ከበሩ ሳልገባ «እሰይ፣ ፎቶ አንሺው መጣ!» ተባለ። ተከፍሎት የመጣው ፎቶ አንሺ እንጀራውን እንደቀማሁት ሁሉ ሲገላምጠኝ ዋለ። አክስቶቼ በእናት ወገን ተሰልፈው ተነሡ፣ በአባት ወገን ተሰልፈው ተነሡ፣ ከዚያ አንዷ ዓይኗን ጨፍና ነበርና እንደገና ተሰለፉ። ክትፎው ጋ ስደርስ የቀረው ኮባው ነው። 1,400 ፎቶ አንስቼ በባዶ ሆዴ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ «ፎቶው የት ደረሰ?» የማይለኝ ዘመድ አልነበረም። ሙሽሮቹ ወልደው ክርስትና ሲጠሩኝ እንኳ «እግረ መንገድህን የሠርጉን ፎቶ ይዘህልን ና» አሉኝ።

ቁርጡ የመጣው ደብረ ሊባኖስ ነው። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከገዳሙ በላይ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር ሲግጡ ይውላሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ደረቱ ላይ እንደ ልብ የተቀደደ ቀይ ቆዳ አለው፤ ወንዱ ጋማውን ንፋስ ሲያርሰው የጦር አበጋዝ ይመስላል። እንግዲህ አንዱ አበጋዝ ከአሥር እርምጃ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ካሜራዬ ላይ ያለው ሌንስ የሰፊ ቦታው ነው። ተንበረከክሁ፣ ሌንሱን ፈታሁ፣ የኋላ ክዳኑን በጥርሴ ያዝኩ፣ ረጅሙን ሌንስ አውጥቼ በብብቴ ሸጎጥኩ። በዚህ መሀል ንፋስ መጣና የገደሉን አቧራ በሙሉ በተከፈተው ካሜራ አፍ ውስጥ ጨመረው። ሳስል ክዳኑ ከጥርሴ አመለጠና እየተንከባለለ ገደል ገባ። አበጋዙ አንገቱን አስግጎ ክዳኑን በዓይኑ ሸኘው፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ከእኔ ጋር የመጣው የእህቴ ልጅ በስልኩ አነሳው። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ከፊት ለፊት አበጋዙ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ፣ ከበስተኋላ አንድ ጎልማሳ በአራት እግሩ።

በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ሐኪሙ ወገቤን ተጫን ተጫን አድርጎ «ሥራህ ምንድነው? ጭነት ነገር ትሠራለህ?» አለኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ስለው መዝገቤን እንደገና አገላበጠ።

ያኔ ነው ትንሽ ካሜራ መፈለግ የጀመርኩት፤ ሌንሱ የማይፈታ፣ ሰፊውንም ቅርቡንም ሩቁንም በአንድ አካል የያዘ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ስልክህስ?» ብሎኝ ነበር። ስልክን አልንቅም። ነገር ግን ስልክ ሩቅ ያለን ነገር ሲያቀርብ ብዙውን ጊዜ ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው የሚሠራው፤ ወፏ ትመጣለች፣ ላባዋ ግን እንደ ተቀባ ግድግዳ ይሆናል። በዚያ ላይ ስልክ ይጮሃል። የታቦቱን መውጣት እየጠበቅሁ አለቃዬ ደውሎ ስለ ወር መዝጊያ ያዋራኝ ቀን አይረሳኝም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ አለኝ፤ ይህ በ2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰው ተገኘ፤ አራስ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ አንዲት እናት። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ እሱም በቫይታሚን፣ በጫማና በሰው አደራ ሞልቷል። በስልክ ቁርጡን ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ከአንድ ኪሎ ካላለፈ እይዝልሃለሁ። ካለፈ ግን ይቅር በለኝ።»

ስንት ሌሊት የካሜራ ዓይነት ሳወዳድር ያደርኩት ሰውዬ፣ በመጨረሻ የመረጡልኝ እኒህ እናት ናቸው። የሶኒው አርኤክስ10 አራተኛው ትውልድ ልቤን ወስዶት ነበር፤ ከ24 እስከ 600 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊውን፣ ሲበዛ ሩቁን ያነሳል ማለት ነው። ክብደቱ 1,095 ግራም። በ95 ግራም ወደቀ። ልለምናቸው አስቤ አፈርኩ። በዚያው ሰሞን የወጣው የኒኮን ፒ1000 እስከ 3000 ይሄዳል፤ 1,415 ግራም ነውና ስሙንም አላነሳሁላቸውም። ታላቅ ወንድሙ ፒ900 ግን 899 ግራም ነው፤ እስከ 2000 ያቀርባል፣ የጨረቃን ጉድጓዶች እንደ ሰፈር መንገድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በዚህ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ጨረቃ ላይ ዘመድ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። የቀረው የፓናሶኒኩ ኤፍዜድ1000 ነው፤ ገበያ ከወጣ አራት ዓመት ቢያልፈውም ምስሉ የሚያርፍበት ሴንሰሩ ከፒ900 በአራት እጥፍ ይሰፋል፣ ከ25 እስከ 400 ይደርሳል፣ ከነባትሪው 831 ግራም። ቻርጀሩን ጨምረን እንኳ ከኪሎው በታች ነን። ካርቶኑ እዚያው ይቅር አልን።

ካሜራዋ በሁለት የሕፃን ፎጣ ተጠቅልላ መጣች። ዓይኗን ዞር ባደርገው 25–400 የሚል የለም፤ 9.1–146 ይላል። የተጭበረበርኩ መስሎኝ ደንግጬ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እሱም እዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበርና በጣም ደነገጠ። ኋላ ሲገባኝ ግን ይህን ነገር ለመረዳት ሐበሻ መሆን ይጠቅማል። የሌንሱ ትክክለኛ ርዝመት 9.1 እስከ 146 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25–400 የሚባለው በሌላ አቆጣጠር ነው። እኛ በልጅነታችን ጧት ሁለት ሰዓት ስምንት ሰዓት እንደሆነ፣ 2011ም 2018 እንደሆነ የለመድን ሰዎች ምን ይገርመናል? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ብቻ በማን አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ነው።

የሴንሰሯ ነገር ደግሞ ባለ አንድ ኢንች ይባላል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ሴንሰሩን ብትለኩት 13.2 በ8.8 ነው፤ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ቢለካ 16 ሚሊ ሜትር ያህል። ስሙ የመጣው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦ ነው፤ ያኔ የሚለካው የውጭው መስታወት ስፋት እንጂ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረም። ይህንንም ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልግም። ሥጋ ቤት አንድ ኪሎ ቁርጥ ብለን አዝዘን ከነአጥንቱ አልተመዘነልንም?

ያ ሌላው አቆጣጠር የማን እንደሆነ ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ግን አስደሰተኝ። ኦስካር ባርናክ ይባላል፤ ጀርመን አገር ቬትስላር ከተማ፣ የኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በእግሩ ተራራ መውጣትና ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ አስም ደግሞ አለበት። የዘመኑ ካሜራ የመስታወት ፕሌት የሚጎርስ ሣጥን ነው፤ ከነማቆሚያው ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ታዲያ እንደኔ ዕቁብ ጠብቆ ሌላ ሌንስ አልጨመረም፤ የሲኒማ ፊልም ወሰደና በአግድም እንዲሄድ አድርጎ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነች ምስል የምታነሳ ትንሽ ካሜራ በ1914 እ.ኤ.አ. አካባቢ በእጁ ሠራ። ጦርነት መጣና ነገሩ ዘገየ፤ በ1925 ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ላይካ ተብላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የፎቶ ዓለም ዘመን የሚቆጥረው በባርናክ ነው፤ የእኔ ሌንስ 400 ደረሰ የሚባለው በእሱ ፊልም ስፋት ሲተረጎም ነው። የሚያስቀው ግን ሌላ ነው። ያ አስም ያለበት ሰው ለማነሷ ብሎ የፈጠራት 24 በ36 ዛሬ «ፉል ፍሬም» ተብላ፣ የትልቆቹ መለኪያ ሆና፣ እኔን ወገቤን የሰበረችው እሷ ናት። የፓናሶኒኳ ዓይን ዙሪያ ላይ ደግሞ በነጭ ፊደል «ላይካ» ተጽፏል። ሳየው ባርናክ ለጥፋቱ ይቅርታ የጠየቀኝ ይመስለኛል።

ትንሽ ስል እንግዲህ ከጣውንቷ አንጻር ነው። ኪስ አትገባም። ባለቤቴ ግን የገበያ ዘንቢሏ ውስጥ ከሽንኩርቱ በላይ አስቀምጣት ስትገባ አይታ «ይቺማ የቤት ልጅ ናት» አለች። ዋናው ፈተና ያ ነበር።

ያው የሁሉም ነገር ካሜራ ማለት በያይነቱ ማለት ነው። በያይነቱ ላይ ሽሮው የሽሮ ቤት ሽሮ አይሆንም፤ ምስሩም ብቻውን ቀርቦ እንደሚበላው አይሆንም። ግን ጎመን ሲያምርህ ጎመን አለ፣ ክክ ሲያምርህ እጅህን ማንሳት ብቻ ነው፤ ሰሐን አይቀየርም። ደብረ ሊባኖስ ተመልሼ ሄድኩ። ገደሉን ከዳር እስከ ዳር በ25 አነሳሁ፤ እዚያው በቆምኩበት ቀለበቱን አዞርኩና የአንዱን ጭላዳ የዓይን ሽፋሽፍት በ400 አነሳሁ። የኋላ ክዳን የለ፣ ጥርስ የለ፣ ብብት የለ። ያ አበጋዝ መሆን አለመሆኑን ባላውቅም፣ እሱም ያወቀኝ አልመሰለኝም።

ክብሬ ግን ሄደ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በጥምቀት ትንሿን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሄድ ያው ወጣት፣ ያው ገመድ፣ «አባቴ፣ ወደ ኋላ!» ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከጋዜጠኝነት ወደ አባትነት። ከገመዱ ኋላ፣ በሁለት ምእመናን ትከሻ መሀል፣ የካህኑን ጥላ ዘርፍ አንድ በአንድ አነሳሁት። ክርስትና ቤት ደግሞ አንዷ አክስቴ አየችኝና «ምነው፣ ተቸግረህ ሸጥከው እንዴ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ማንም አልተሰለፈልኝም። ዱለቱን ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ማታ ማታ ደግሞ ትቸግራለች። ክረምት ላይ ከአሸንዳ ሥር ሳፋ የደቀነና ጣሳ የደቀነ ሰው ዶፍ ሲወርድ ሁለቱም ይሞላላቸዋል፤ ካፊያ ሲሆን ነው ልዩነቱ የሚታየው። ብርሃንም እንደዚያው ነው። የባርናክ ስፋት ከእኔዋ ሴንሰር ከሰባት እጥፍ በላይ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ማን ያውቅብኛል፣ በትንሣኤ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ግን የጎረቤቴ ፊት ላይ ዳጉሳ የተበተነበት ይመስላል። እሷም አይታው «በሽታ አለብኝ እንዴ?» ብላኝ ነበር። ከሚነሣው ሰው ጀርባ ያለውን ነገር እንደ ጉም አድርጎ ማደብዘዝም እንደ ድሮው አይሆንላትም፤ ልጄን ሳሎን ውስጥ ሳነሳት የተሰጣው ካልሲ አብሮ ይወጣል። ካልሲውን ማንሳት ተማርኩ።

ጣውንቷን ለእህቴ ልጅ ሸጥኩለት። አሁን ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ያነሳባታል፣ እየተከፈለው፤ ፎቶውንም በጊዜው ያስረክባል ይባላል። በገንዘቡ ፍሪጅ ገዛን።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ እናቴ ባትኖር።

እናቴ ሽሮ ሜዳ ነው የምትኖረው። በትልቋ ካሜራ በየበዓሉ አንስቻታለሁ፤ በሁሉም ላይ ፊቷ አንድ ነው። ቦርሳው ሲከፈት የዚፑን ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ወገቧን ቀጥ ታደርጋለች፣ ከንፈሯን ትገጥማለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለመታወቂያ የተነሣች ትመስላለች። ባለፈው ፋሲካ ግን ግቢው ጥግ ከዶሮው ቆጥ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እሷ ከወዲያ ማዶ ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ታፈላለች። አንዷ ምን እንዳለች እንጃ፣ እናቴ ማራገቢያዋን ጣል አድርጋ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የጎደሉት ጥርሶቿ ሁሉ እስኪታዩ ሳቀች። በ400 አነሳኋት። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ፣ ጉልበቷ ላይ ያረፈው እጇ፣ ዓይኗ ጥግ ላይ የወጣው እንባ። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ ይበልጣል። ፎቶ ቤት ወስጄ አሳጠብኩ፣ ፍሬም አሠራሁለት፣ ይዤላት ሄድኩ።

መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ።»

«እኔ? እንዲህ ጥርሴን ገልጬ?» አለች። ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠችው። «ነገ ስሞት ድንኳን ውስጥ ይህን ሊያቆሙብኝ ነው? ለቀስተኛው ሊያለቅስ መጥቶ ሊስቅ ነው? በል፣ ያችን ትልቋን አምጣና እንደ ሰው አንሳኝ።»

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ቅዳሜ ሠርግ አለበት፣ እሑድም መልስ አለበት፤ ሰኞ ማታ ሰጠኝ። እሱ ሁለት ሌንስ ጨምሮባታል። የሽሮ ሜዳን ዳገት ወገቤን ይዤ ወጣሁ፤ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። እናቴ ጥቁር ካባዋን ደርባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ትራይፖዱን ዘረጋሁ፣ ዚፑን ከፈትኩ።

«ቆይ፣ ነጠላዬን» አለች።

ወገቧን ቀጥ አደረገች፤ ከንፈሯን ገጠመች። አነሳሁና በካሜራው ጀርባ አሳየኋት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ተመለከተች።

«አሁን ገና እኔን መሰልኩ» አለች።